ሶፍትዌር ላሠራ ወይስ በወር እየከፈልኩ ልጠቀም? (ድሬ፣ ሦስት ቦታ ነው ያለኝ)

የሳቢያን ቧንቧ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡10

ጤና ይስጥልኝ፣ አሰላሙ አለይኩም ለሁላችሁም።

የቧንቧና የግንባታ ዕቃ ነጋዴ ነኝ። ሱቁ ድሬ ታይዋን አጠገብ ነው፣ መጋዘኑ ሳቢያን። ከሁለት ዓመት ወዲህ ደግሞ ሐረር ሸዋ በር አካባቢ አንድ ቅርንጫፍ ከፍቻለሁ። እስካሁን የኖርነው ፒችትሪ በሚባለው የሒሳብ ሶፍትዌርና በኤክሴል ነው። ፒችትሪው ያለው የሒሳብ ሠራተኛችን ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነው። የሐረሩ ልጅ የሸጠበትን ወረቀት ማታ ማታ ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ይልካል፤ እሷ ጠዋት ትመዘግባለች።

ባለፈው ወር ቆጠራ ስናደርግ ባለ 3/4 ፒፒአር ቧንቧ 140 ፍሬ ጎደለ። ይሰረቅ፣ ሳይመዘገብ ይቅር፣ እስካሁን አላወቅንም። ከልጁ ጋር ተኮራርፈናል።

አሁን ሁለት ነገር ቀርቦልኛል። አንደኛው፣ ሁለት ልጆች ለእኔ ብቻ የሚሆን ሶፍትዌር እንሥራልህ ብለውኛል። 450,000 ብር፣ ግማሹ ቅድሚያ፣ በ4 ወር ያልቃል። ከመጀመሪያው ዓመት በኋላ ለጥገና በየዓመቱ 15 ከመቶ። ሁለተኛው፣ የተዘጋጀ አለ፣ በኢንተርኔት ገብተህ የምትጠቀምበት። ለሦስቱም ቦታ በወር 9,000 ብር።

ወንድሜ «ኪራይ ማለቂያ የለውም፣ አንዴ ከፍለህ የራስህ ይሁን» ይላል። ሚስቴ ደግሞ «450 ሺህ ብር አየር ላይ ልትበትን ነው» ትላለች። የሞከራችሁ ካላችሁ ንገሩኝ።

ቀፊራ ነኝ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡22

አቦ፣ 140ውን ቧንቧ ሶፍትዌር አይመልስልህም። መጀመሪያ ልጁን በደንብ አነጋግረው።

ሚዛን አስታራቂ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡05

ወንድሜ፣ እኔ የሒሳብ ባለሙያ ነኝ። ስለ ቴክኖሎጂው ሌሎች ይንገሩህ፣ እኔ የማውቀው ቁጥር ነው። የሁለቱንም የ5 ዓመት ወጪ ላስላልህ።

ማሠራቱ 450,000 ነው። 15 ከመቶው በዓመት 67,500 ይሆናል። የመጀመሪያው ዓመት ነጻ ከሆነ አራት ጊዜ ትከፍላለህ፣ 270,000። ድምሩ 720,000።

ኪራዩ በወር 9,000፣ በዓመት 108,000፣ በ5 ዓመት 540,000። ረከሰ አይደል? ግን ዋጋው እዚያው ይቆማል ያለህ ማን ነው? በየዓመቱ 20 ከመቶ ቢጨምሩብህ በአምስተኛው ዓመት ወርሃዊው ከ18,600 ብር በላይ ይሆናል። የአምስቱ ዓመት ድምርም 803,000 ያልፋል። ስለዚህ 9,000ውን አትመልከት። ውሉ ላይ ስለ ጭማሪ ምን እንደሚል አንብብ። ምንም ካላለ እንዲል አድርግ።

ሌላው ነገር ቅድሚያው ነው። 225,000 ብር ዛሬ ከእጅህ ይወጣል። በእሷ ስንት ቧንቧ አምጥተህ ስንት ጊዜ ታገላብጣታለህ? ኪራዩ ውድ ቢሆን እንኳ ገንዘብህ ሱቅህ ውስጥ እየሠራ ነው። ይህን ማንም ሶፍትዌር ሻጭ አያሰላልህም፣ ወንድምህም አላሰላውም።

ጀጎል ማደሪያ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡40

እኔ አሠርቼ ነበር። ሐረር ትንሽ የእንግዳ ማረፊያ አለችኝ። አልጋ መያዣ፣ ሒሳብ፣ የቁርስ ቤቱን ጭምር በአንድ ላይ አሠራሁ። ልጁ ጎበዝ ነው፣ አልዋሽም። ዓመት ከመንፈቅ ያለ ችግር ሠራን። ከዚያ ልጁ ወደ ውጭ ሄደ። መጀመሪያ ስደውል ያነሳ ነበር። ቀስ በቀስ ሰዓቱ አልገጥም አለ፣ እኔ ስነቃ እሱ ይተኛል።

አንድ ቀን ጠዋት ሲስተሙ አልከፈት አለ። ለካ ሰርቨሩ፣ ማለትም ሲስተሙ የሚሠራበት ኮምፒውተር፣ የተከራየው በልጁ ኢሜይል ነው። ክፍያው አልታደሰም። ፓስወርዱ እሱ ጋ፣ ዶሜይኑ (የኢንተርኔት አድራሻው) በእሱ ስም። የእንግዶቼ ዝርዝር፣ ማን ቀብድ ከፈለ፣ ማን መቼ ይመጣል፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ። አምስት ቀን በወረቀት ሠራን። ያውም የበዓል ሰሞን።

በኋላ ልጁ ተገኝቶ አስተካከለው፣ አላህ ይስጠው። ግን ያኔ የገባኝ ነገር፣ የራሴ ነው ብዬ ስኮራበት የነበረው ነገር ቁልፉ ሌላ ሰው ኪስ ውስጥ ነበር።

የሳቢያን ቧንቧ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡51

ወይ ጉድ። ታዲያ አሁን በምን ትሠራለህ?

ጀጎል ማደሪያ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡58

በወር የሚከፈል። አልወደውም። ግን ሲበላሽ የሚነሳ ስልክ አለው።

ኮድ ከበርጫ በኋላ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 5፡30

ፕሮግራመር ነኝ፣ ስለዚህ ወገንተኛ ልትሉኝ ትችላላችሁ። ግን እዚህ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ተደባልቀዋል። አንዱ «ማን ይሠራዋል» ነው። ሌላው «የት ተቀምጦ ይሠራል» ነው። አሠርተኸው ጓዳህ ያለ ኮምፒውተር ላይ ልታስቀምጠው ትችላለህ። አሠርተኸው የኪራይ ሰርቨር ላይም ልታስቀምጠው ትችላለህ፣ የጀጎሉ ወንድማችን እንዳደረገው። ፒችትሪህ ደግሞ ተዘጋጅቶ የተገዛ ነው፣ ግን የሚኖረው ጠረጴዛህ ላይ ነው። ምርጫህ ሁለት ብቻ አይደለም።

ነገሩ አዲስም አይደለም። በፈረንጆቹ 1990ዎቹ መጨረሻ «አፕሊኬሽን ሰርቪስ ፕሮቫይደር» የሚባሉ ድርጅቶች ነበሩ። ለቢሮ የተሠራውን ሶፍትዌር ወስደው ለእያንዳንዱ ደንበኛ ለየብቻው በራሳቸው ሰርቨር ላይ ይጭኑ ነበር። መቶ ደንበኛ ካላቸው አንዲት ነገር ለማደስ መቶ ቦታ መነካካት ነው። ወጪው በላቸው፣ ብዙዎቹ ከሰሩ። ሴልስፎርስ የሚባለው የአሜሪካ ሶፍትዌር ድርጅት በ1999 ሲቋቋም ይዞት የመጣው ግን ሌላ ነው፦ ሶፍትዌሩ አንድ፣ ደንበኛው ብዙ፣ ዳታው ብቻ የተለያየ። ዛሬ በወር የምንከፍልባቸው አብዛኞቹ በዚህ መልክ የተሠሩ ናቸው።

ይህን ያነሳሁት ለወሬ አይደለም። ዋጋው የረከሰው ሁሉም ሰው አንዱን ስለሚጠቀም ነው። ስለዚህ «እኛ ጋ ቧንቧ በፍሬም በሜትርም ይሸጣል፣ ለእኔ ይህችን ቀይሩልኝ» ስትላቸው አንገታቸውን ይነቀንቃሉ። የእነሱን መንገድ ትለምዳለህ ወይም ትተዋለህ። ያሠራኸው ግን ያልከውን ይሆናል። ክፋቱ፣ ያላልከውን አይሆንም። ምን እንደምትፈልግ ደግሞ አሁን አታውቀውም፣ ማንም አያውቀውም። ሲጠቀሙበት ነው የሚታወቀው። የ4 ወሩ ሥራ 9 ወር የሚሆነውም ብዙ ጊዜ በዚህ ነው እንጂ ልጆቹ ሰነፎች ሆነው አይደለም። አንዳንዴ ሰነፎችም ይሆናሉ።

ሦስተኛ መንገድ ልጨምርልህ። ኦዱ ኮሚዩኒቲ ወይም ኢአርፒኔክስት። ሁለቱም ዕቃ፣ ሽያጭና ሒሳብ አንድ ላይ የሚይዙ ዝግጁ ሶፍትዌሮች ናቸው። ኮዳቸው ክፍት ነው፣ ለፈቃድ አትከፍልም። የምትከፍለው ለሚጭንልህ፣ ለሚያስተካክልልህና ለሚያሠለጥንልህ ሰው ነው። ጥቅሙ፣ የጫነልህ ልጅ ካናዳ ቢገባ ሌላ ኦዱ የሚያውቅ ሰው ትፈልጋለህ። ከባዶ የተሠራ ከሆነ ግን አዲሱ ልጅ መጀመሪያ የሚልህ ነገር «ይሄ ኮድ እኮ... እንደገና ቢሠራ ይሻላል» ነው። እኔም ብሆን እንደዚያ ነው የምልህ።

የሳቢያን ቧንቧ | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡15

እግዜር ይስጥልኝ፣ ሌሊቱን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አንድ ነገር ልጠይቅ። ልጆቹ «ሶርስ ኮዱን እናስረክብሃለን» ብለዋል። ምን ማለት ነው፣ በፍላሽ ይሰጡኛል?

ኮድ ከበርጫ በኋላ | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡00

ሶርስ ኮድ ማለት ፕሮግራመሮቹ የጻፉት፣ ሶፍትዌሩ የተሠራበት ጽሑፍ ነው። በፍላሽ ከሰጡህ የዚያን ቀን ኮድ ነው የሰጡህ። በማግስቱ አንድ ነገር ሲያስተካክሉ ያንተ ፍላሽ ያረጃል። በራስህ ኢሜይል ኢንተርኔት ላይ የኮድ ማስቀመጫ አካውንት ይከፈት፣ ኮዱን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እዚያ ውስጥ ይሥሩ። እነሱ እንግዳ ሆነው ይግቡ፣ አንተ ባለቤት። ሰርቨሩም ዶሜይኑም በአንተ ስም። ቅር ካላቸው ያኔውኑ ታውቃቸዋለህ።

ክፍያውንም ግማሽ በግማሽ አታድርገው። በየሥራው ክፈል። ስቶኩ ሲሠራ ይህን ያህል፣ ሽያጩ ሲሠራ ይህን ያህል። «ሠራ» ማለት ደግሞ በእነሱ ላፕቶፕ ሳይሆን ሐረር ባለው ልጅ እጅ፣ በራስህ ዕቃ ዝርዝር። የቅጂ መብት አዋጁ፣ ቁጥር 410/1996፣ የኮምፒውተር ፕሮግራምን ይጠብቃል። ስለዚህ ባለቤቱ ማን እንደሆነ ውሉ ላይ በግልጽ ይጻፍ። በቃል የተባለ ነገር በርጫ ላይ ይቅር።

ትራንዚት ቤት | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 4፡20

የእኔን ስሙት። ዕቃ ማስለቀቅ ነው ሥራችን፣ ደረቅ ወደቡ አካባቢ። ከውጭ የሆነ በወር የሚከፈል ሶፍትዌር ይዘን ነበር፣ ለ6 ሰው፣ በሰው 12 ዶላር። በወር 72 ዶላር ማለት ነው። ምንዛሪው 57 በነበረ ጊዜ 4,100 ብር ገደማ ነበር፣ የምሳ ወጪ። ሐምሌ 2016 ላይ ብር በገበያ ይወሰን ሲባል በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ። 120 ሲገባ ያው 72 ዶላር 8,640 ብር ሆነ። እነሱ አንድ ሳንቲም አልጨመሩም! እኛ ነን የጨመርነው።

ያም ሳያንስ መክፈያው ራሱ ችግር ነው። የዶላር ካርድ የለንም፣ ባንክ ስንጠይቅ ነገ ከነገ ወዲያ። አሜሪካ ያለ የአጎቴ ልጅ በካርዱ ይከፍልልን ነበር። አንድ ወር ካርዱ ጠፍቶበት ቀየረው፣ ለእኛ መንገር ረሳ። ሲስተሙ ተዘጋ። ኮንቴይነር ቆሞ እኛ የአጎቴን ልጅ ከእንቅልፍ እንቀሰቅሳለን።

በብር የሚከፈል ከሆነ ግን ሌላ ነው። ቴሌብር ቢቀበሉማ ጥሩ።

የሳቢያን ቧንቧ | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 4፡31

በብር ነው፣ አገር ውስጥ ናቸው። ግን እኔንጃ፣ እነሱም ሰርቨሩን ከውጭ ከተከራዩ ያው ዶላር አይደለም?

ትራንዚት ቤት | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 4፡33

ጥሩ ጥያቄ ነው። ጠይቃቸው።

ከዚራ መድኃኒት ቤት | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 8፡45

ሰላም ለሁላችሁም። እኛ ሦስት ዓመት ሆነን፣ በኢንተርኔት የሚሠራ ነው የምንጠቀመው። ጥሩውን ልንገራችሁ፦ የመድኃኒት ጊዜ ማለፊያ ከሦስት ወር በፊት ያስታውሰኛል። ቤት ሆኜ በስልኬ የዕለቱን ሽያጭ አያለሁ። ኮምፒውተራችን ተሰርቆብን ነበር፣ በማግስቱ ሌላ ገዝተን ገባን፣ አንድም ነገር አልጠፋም።

መጥፎው ደግሞ አለ። ረመዳን ላይ እንደምታውቁት ድሬ ሌሊት ነው የሚኖረው። እኛም እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት እንከፍታለን። የዕለት ሒሳብ ስንዘጋ ግን ካሽ ሬጅስተሩና ሶፍትዌሩ አልገናኝ አሉ። በየቀኑ። ካሸሯን ጠረጠርኳት፣ አሁንም ያሳፍረኛል። ለካ ሰርቨሩ የሚቆጥረው በእንግሊዞቹ በግሪንዊች ሰዓት ነው፣ ከእኛ 3 ሰዓት ወደ ኋላ። ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ የሸጥነውን ሁሉ ለትናንት ይመዘግበዋል። ቀን ብቻ የሚሠራ ሱቅ ቢሆን ኖሮ ዕድሜ ልካችንን አናውቀውም ነበር። ደወልኩ፣ በሳምንቱ አስተካከሉት፣ ለሁሉም ደንበኞቻቸው። እሱን ወድጄላቸዋለሁ።

ሚዛን አስታራቂ | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 9፡30

እህቴ ስለ ቀን ካነሳሽ የባሰ አለ። ከውጭ የመጡት ወራቸው በፈረንጅ ነው። የእኛ ሐምሌ የሚጀምረው በእነሱ ጁላይ 8 ነው፣ ኦገስት 6 ያልቃል። የቫት ሪፖርት በየወሩ ስታወጪ ሶፍትዌሩ የሚሰጥሽ የጁላይን ነው። ከዚያ በእጅ እየቆረጡ መቀጠል። የበጀት ዓመታችን ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 መሆኑን ማስረዳት አንድ ሥራ ነው። ጳጉሜንማ ተዪው።

ሌላ የምጠይቀው ነገር፦ ሕግ ሲቀየር ማን ያስተካክላል? ከሐምሌ 2017 ጀምሮ የደመወዝ ግብር ተቀየረ። ከግብር ነጻ የሆነው ከ600 ብር ወደ 2,000 ብር ከፍ አለ፣ እርከኖቹም ተለወጡ። 10,000 ብር ደመወዝ ያለው ሰው ድሮ 2,045 ብር ይቆረጥበት ነበር፣ አሁን 1,650። ሦስት ድርጅት ሒሳብ እሠራለሁ። አገር ውስጥ በኪራይ የሚጠቀመው ድርጅት ምንም አላደረገም፣ ገብቶ ሲያይ ተስተካክሏል። ፒችትሪ ያለው እኔ ራሴ ቀመሩን ቀየርኩለት፣ ግማሽ ቀን። ያሠራው ሦስተኛው ግን ቁጥሮቹ ኮዱ ውስጥ ተቀብረው ነበር፣ ፕሮግራመሩ ካልነካቸው አይቀየሩም። ፕሮግራመሩ ደግሞ «ይህ ጥገና ሳይሆን አዲስ ሥራ ነው» አለና ዋጋ ጠየቀ። ሠራተኛው «ግብር ቀነሰ ተብሎ የለ፣ የታለ ልዩነቱ?» እያለ ወሩን ሙሉ አናደዳቸው።

ስለዚህ ያንን 15 ከመቶ ስትፈርም «ጥገና» ማለት ምን ማለት እንደሆነ አስጽፍ። የሕግ ለውጥ ውስጡ ይኑርበት።

የመዝገቡ አዛውንት | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡10

ልጆች፣ እኔ 68 ዓመቴ ነው። መጋላ ጨርቅ ስሸጥ በደብተር ነው የኖርኩት። ኔትወርክ የለ፣ ፓስወርድ የለ። ደብተሬ ማታ ትራሴ ሥር ነው። አሁን እናንተ ስትነጋገሩ ሳነብ ዕቃችሁ የት እንዳለ የማታውቁ ነው የሚመስለኝ። ምነው በደብተር ቢቀር?

ኮድ ከበርጫ በኋላ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡40

አባታችን፣ እርስዎ እኮ ሦስቱንም አገልግሎት በነጻ ይሰጡ ነበር፣ ሠሪውም ጠባቂውም ጥገናውም እርስዎ። ግን ያ ደብተር አንድ ብቻ ነበር አይደል?

የመዝገቡ አዛውንት | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡05

አንድ ነበር። በ1998ቱ የደቻቱ ጎርፍ የወንድሜ ሱቅ ከነደብተሩ ሄዷል። ማን ዕዳ እንዳለበት ጠፋ። ከባለ ዕዳዎቹ ግማሾቹ ራሳቸው መጥተው ከፈሉ። ድሬ እንደዚያ ነበረች። ግማሾቹ አልመጡም።

ይሁን፣ እናንተ ቀጥሉ።

ሰርቨር አቀዝቃዥ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡00

ሐረርና ድሬ እየተመላለስኩ ኔትወርክ የምዘረጋ ቴክኒሻን ነኝ። ማንም ያላነሳው ነገር ሙቀት ነው። «ሰርቨሩ እኔው ጋ ይሁን» የሚል ሰው ድሬ ላይ ሲደውልልኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ኤሲ አለ ወይ ነው። ግንቦትና ሰኔ ላይ ሙቀቱ ከ35 ያልፋል፣ ያ የተዘጋ ጓዳ ውስጥ ደግሞ ይብሳል። አቧራው ሲጨመርበት ፋኑ ይታፈናል። መብራት ሲጠፋ ዩፒኤሱ ሃያ ደቂቃ ይይዛል፣ ኤሲውን ግን አይዝም። መብራት ሲመለስ በኃይል ይመታል። ሃርድ ዲስክ የምቀይረው በአብዛኛው በበጋ መጨረሻ ነው። ሐረር ላይ አየሩ ስለሚቀዘቅዝ እንዲህ አይበዛም።

እና እነዚያ 450 ሺህ ያሉህ ልጆች ሰርቨር፣ ዩፒኤስና ባክአፕ ውስጡ አለ ብለዋል? ካላሉ የሚዛን አስታራቂ ስሌት ላይ ጨምርበት።

በኢንተርኔቱ በኩል ደግሞ ሐቁን መናገር አለብን። በሰኔ 2012 መጨረሻ በአገር ደረጃ ሲቋረጥ ለሳምንታት ነው የቆየው። ያኔ ሁሉ ነገራቸው ክላውድ ላይ፣ ማለትም በኢንተርኔት በሚገባበት የሌላ ድርጅት ሰርቨር ላይ፣ የነበረ ደንበኞቼ እጃቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ። ጓዳቸው ሰርቨር ያላቸው ቢያንስ ሱቃቸው ውስጥ ሠሩ። ስለዚህ ሻጩን አንድ ነገር ጠይቀው፦ ኔት ሲጠፋ መሸጥ እችላለሁ ወይ? ለምሳሌ የኦዱ መሸጫ ገጽ አንዴ ከተከፈተ ኔት ቢጠፋም ብራውዘሩ ውስጥ ይዞ ይቆይና ሲመለስ ይልካል፣ ገጹን ካልዘጋኸው። ሁሉም ግን እንዲህ አይደሉም።

ለዕለት ተዕለቱ መቆራረጥ መፍትሔው ቀላል ነው። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ውስጥ መጀመሪያ አገልግሎቱን የከፈተው እዚሁ ድሬ ነው፣ ነሐሴ 2014። አንድ የቴሌ፣ አንድ የሳፋሪኮም ሲም፣ ሁለት ሲም የሚይዝ ራውተር። ሁለቱም በአንዴ የሚጠፉበት ቀን ብዙ አይደለም።

ሻጮች «99.9 ከመቶ አንጠፋም» ሲሉህ ደግሞ በዓመት 8 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ገደማ እንጠፋለን ማለታቸው ነው። ያ ደህና ነው። «99» ብቻ ካሉ ግን ከ3 ቀን ተኩል በላይ ነው። በቁጥር ትንሽ ትመስላለች።

የሳቢያን ወንድም | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡40

የባለጉዳዩ ወንድም ነኝ፣ ሊንኩን ልኮልኝ ነው የገባሁት። ሁላችሁም ኪራይ ኪራይ ትላላችሁ። ቤት ተከራይቶ 10 ዓመት ከሚኖርና ጎጆም ብትሆን ከሠራ ማን ይሻላል? ተከራይ ሁልጊዜ ተከራይ ነው።

ጀጎል ማደሪያ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡52

ወንድሜ፣ የቤቱ ምሳሌ አይሠራም። ቤት ስትለቅ ዕቃህን አይሱዙ ላይ ጭነህ ትወጣለህ። እዚህ ግን ዕቃህ የግድግዳው አካል ሊሆን ይችላል። ጥያቄው መከራየት አለመከራየት አይደለም፣ ስትወጣ ዕቃህን ያስወጡሃል ወይ ነው። ይህ ደግሞ አሠርተህም ተከራይተህም ያው ነው። እኔ የራሴን ጎጆ ሠርቼ አይደል እንዴ ውጭ ያደርኩት?

ኮድ ከበርጫ በኋላ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡00

ልክ ነው። ከመፈረምህ በፊት ሞክረው። ሃያ ዕቃና አምስት ደንበኛ አስገባ፣ ሁለት ሦስት ሽያጭ ሥራ። ከዚያ «ሁሉንም በኤክሴል አውጡልኝ» በል። የዕቃ ዝርዝሩ ብቻ ከወጣ አይበቃም። ማን በዱቤ ወሰደ፣ ስንት ቀረው፣ መቼ ወሰደ፣ ይህ ሁሉ መውጣት አለበት። ክፍያ ካቆምክ ደግሞ ዳታህ ስንት ቀን ይቆያል ብለህ ጠይቅ።

ከዚራ መድኃኒት ቤት | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡15

ሰርቨሩ የት እንዳለም ጠይቅ። የደንበኛና የሠራተኛ ስም፣ ስልክ፣ ደመወዝ ታስገባለህ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ወጥቷል፣ ቁጥር 1321/2016። መረጃ ከአገር ስለሚወጣበት ሁኔታም ይደነግጋል። ለቧንቧ ዝርዝር ግድ የለም፣ ለሰው ዝርዝር ግን ግድ አለው። አዲስ አበባ አይሲቲ ፓርክ ውስጥ ዳታ ሴንተሮች አሉ፣ ኢትዮ ቴሌኮምም ክላውድ ያከራያል። ውጭ ከሆነም ይንገሩህ፣ አማዞን ኬፕታውን፣ ማይክሮሶፍት ጆሃንስበርግ አላቸው። «ክላውድ ላይ ነው» መልስ አይደለም።

የሳቢያን ቧንቧ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 5፡20

በጣም አመሰግናለሁ። ወንድሜም እዚሁ መጣ፣ አሁን ቤት ውስጥም እዚህም ልንከራከር ነው። ነገ ለሁለቱም ጥያቄዎቹን ይዤ እደውላለሁ፣ መልሱን እነግራችኋለሁ።

የሳቢያን ቧንቧ | ከ7 ሳምንት በኋላ፣ ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2፡30

ቃል ገብቼ ጠፋሁ፣ ይቅርታ። ሚስቴ ወልዳ ነበር። ወንድ ልጅ፣ አልሐምዱሊላህ።

ልጆቹን አነጋገርኩ። ሰርቨርና ዩፒኤስ ውስጡ የለም። ኮዱን በእኔ አካውንት ሥሩ ስላቸው አንደኛው እሺ አለ፣ ሌላው «እንደዚህ ሠርተን አናውቅም» አለ። የሕግ ለውጥ ጥገና ውስጥ ይግባ ስላቸው 15ቱ 25 ከመቶ ሆነ። ቢያንስ በግልጽ ተነጋገርን፣ አልተጣላንም።

የኪራዮቹን ሰዎችም ደወልኩ። ሰርቨሩ አዲስ አበባ ነው። በዓመት ከ10 ከመቶ በላይ አንጨምርም ብለው ጻፉልኝ። ካቆምኩ በኋላ ዳታው 60 ቀን ይቆያል። ኤክሴሉን ሞከርኩት፣ የዕቃው ዝርዝር ወጣ፣ የዱቤው ግን ድምሩ ብቻ ነው የወጣው፣ ቀኑ የለም። ነገርኳቸው፣ በሦስት ሳምንት ጨመሩበት። ኔት ሲጠፋ ይሸጣል ወይ ላልኩት መልሳቸው «እየሠራንበት ነው» ነው። ይህ አልጣመኝም። ስለዚህ ሦስቱንም ቦታ አላስገባሁም፣ ሐረርን ብቻ፣ ወር በወር እየከፈልኩ። ራውተሩን ሁለት ሲም አድርጌዋለሁ። ድሬና መጋዘኑ ፒችትሪ ላይ ናቸው። ልጆቹን ደግሞ ሌላ ሥራ ሰጠኋቸው፦ በፍሬና በሜትር የሚሸጠውን የሚያቀያይር፣ ከኪራዩ ሶፍትዌር ኤክሴል እየወሰደ ለሒሳብ ሠራተኛችን የሚያዘጋጅ ትንሽ ነገር። 60,000 ብር፣ ኮዱ በእኔ አካውንት። ወንድሜ «ይሄ ደግሞ ምን የሚሉት ነው፣ ኪራይም አይደለም ግንባታም አይደለም» ይላል።

አንድ ነገር ደግሞ። ዕቃውን ወደ አዲሱ ለማስገባት ዝርዝሩን ስናጸዳ አንድ ቧንቧ በሦስት ስም ተመዝግቦ አገኘነው። ድሬ «ባለ 3/4 ፒፒአር» ይላል፣ መጋዘኑ «ፒፒአር 25» ይላል፣ ሐረር ደግሞ «የሙቅ ውሃ 3/4»። አንድ ቧንቧ ነው! ስንደምረው ከጎደለው 140 ውስጥ 92ቱ ተገኘ። ሐረር ወጥቼ ልጁን ይቅርታ ጠየቅኩት።

ሚዛን አስታራቂ | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2፡41

እንኳን ማርያም ማረቻት፣ እንኳን ደስ አላችሁ! ስሞቹን አንድ ካደረጋችሁ በኋላ ማን አዲስ ዕቃ መክፈት እንደሚችል ወስን፣ አንድ ሰው ብቻ ይሁን። ካልሆነ በስድስት ወር ተመልሳችሁ እዚያው ናችሁ።

የመዝገቡ አዛውንት | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2፡55

አላህ ያሳድግልህ። ልጁን ይቅርታ መጠየቅህ ጥሩ ነው።

ቀፊራ ነኝ | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3፡02

ማብሩክ አቦ! 48ቱስ?